ለገጠር የንግድ ጣቢያ የሚበጀው ኢንተርኔት የትኛው ነው?
የሞባይል ዳታና ቋሚው ገመድ አልባ ብሮድባንድ ሲመዛዘኑ



ንግድ በሁለት እግር ይሄዳል ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አንደኛው መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው። ዕቃው በመንገድ ይመጣል፤ ዋጋው ግን በወሬ ይታወቃል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል የስልክ ሽቦ በተዘረጋ ጊዜ፣ ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ ጥቅሙን ቶሎ የተረዳው ነጋዴው እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ከዚያም በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ የሞባይል ኢንተርኔት ወደ ዋና ከተማችን ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ አገልግሎቱን ከፈተ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከከተማ ወጥቶ በገጠር የእሸት ቡና ማጠቢያ፣ የእህል መጋዘን፣ ወይም የቁም ከብት መግዣ ጣቢያ ያቆመ ነጋዴ ዛሬም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይውልም። ይኸውም፦ «ጣቢያዬን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የማገናኘው በተራው የሞባይል ዳታ ነው? ወይስ በጣሪያ ወይም በምሰሶ ላይ አንቴና አቁሜ በቋሚው ገመድ አልባ ብሮድባንድ ነው?» የሚል ነው። እኔም በአንድ ቡና ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ይህ ጥያቄ ስለ ደረሰብኝ፣ መርምሬ ያገኘሁትን ለአባላት ጥቅም እንዲሆን ከዚህ በታች ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ

አሠሪዬ በጌዴኦ ዞን ሁለት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሏቸው። አንደኛው በከተማው ካለው ቅርንጫፍ ቢሯችን ፊት ለፊት በሚታይ ኮረብታ ላይ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተራራ ጀርባ በሸለቆ ውስጥ ነው። በሁለቱም ዘንድ የነበረው መገናኛ የጣቢያው ኀላፊ የሚይዘው አንድ ስልክ ብቻ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የአዝመራ ወራት፣ በአንድ የገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ገበሬዎች እሸታቸውን ይዘው በኮረብታው ጣቢያ በር ተሰልፈው ሳለ፣ የዕለቱን ዋጋ የሚገልጸው መልእክትና የተላከው ገንዘብ ማረጋገጫ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሳይደርስ ቀረ። በስልኩ ላይ የመስመር ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ኢንተርኔቱ ግን አይንቀሳቀስም። ኀላፊው እንደ ምንም ብሎ በተቆራረጠ ድምፅ፣ «ገንዘቡ ይግባ አይግባ የምናውቅበት መንገድ የለም፤ ሰዉም እየተበተነ ነው» ሲል ነገረኝ። ከ30 ኩንታል የማያንስ እሸት ወደ ጎረቤት ጣቢያ ሄደ። በአመኔታ ተረክበነው የነበረው ጥቂቱም ወደ መፈልፈያው የገባው ከመሸ በኋላ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በራሱ ሙቀት መብላላት እንደሚጀምርና ጣዕሙም ደረጃውም እንደሚወድቅ የማያውቅ የሙያው ሰው የለም። የስልኩ መስመር የየትኛው ድርጅት እንደ ነበረ መጥራት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ መሆኑን በኋላ ተረድቻለሁና።

በማግሥቱ አሠሪዬ ጠርተውኝ፣ «ዘንድሮ የከሰርነው በቡናው ሳይሆን በወሬው ነው፤ እስቲ ያሉትን መንገዶች አመዛዝነሽ በወረቀት አቅርቢልኝ» ሲሉ አዘዙኝ።

የሁለቱ አሠራር ልዩነት

ሁለቱም ያለ ሽቦ በአየር ሞገድ የሚሠሩ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

የሞባይል ዳታ የሚባለው፣ በማማው ላይ ያለው አንቴና በዙሪያው ላለ ሰው ሁሉ ሞገዱን በትኖ፣ የሚንቀሳቀሰውም የቆመውም በእጁ ባለው ስልክ የሚቀበለው ነው። ስልኩ ትንሽ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው አንቴናም ትንሽ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ሁሉም ያዳምጣል። ስለዚህ ከየትም ሆኖ ለመሥራት ይመቻል፤ ከሩቅ ለመስማት ግን ዐቅሙ ደካማ ነው።

ቋሚው ገመድ አልባ ብሮድባንድ ደግሞ መሣሪያው በአንድ ቦታ ተተክሎ፣ አንቴናው ከቤት ውጭ በከፍታ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ላኪው ማማ ብቻ አዙሮ የሚቀበለው ነው። 15 ዴሲቤል የሚያህል ብልጫ ያለው የውጭ አንቴና ከተራ ስልክ አንቴና ይልቅ 30 እጥፍ ያህል ኀይል ይሰበስባል። ይህም ዐይነቱ ሁለት መሆኑን ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ከዚያው ከሞባይል ማማ ሞገዱን እየተቀበለ ሲም ካርድ ባለው ራውተር የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ግን ኢንተርኔቱ በሽቦ ወይም በፋይበር ከደረሰበት ቦታ ተነሥቶ፣ በሁለት ፊት ለፊት በተያዩ አንቴናዎች ወደ ጣቢያው የሚሻገር፣ ከሌላው ሕዝብ መስመር የተለየ የሬዲዮ ድልድይ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ሊያባክን ይችላል።

የሞባይል ዳታ ጥቅምና ጉዳት

የሞባይል ዳታ የመጀመሪያ ጥቅሙ ወጪው ትንሽ መሆኑ ነው። ስልክና ሲም ካርድ ያለው ሰው ፓኬጅ ገዝቶ በዚያው ቀን ሥራ ይጀምራል፤ ምሰሶ አይተክልም፤ ባለሙያ አይጠራም። ሁለተኛ፣ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እየተዘዋወረ ለሚገዛ ሠራተኛ ከርሱ ሌላ መሣሪያ የለም። ሦስተኛ፣ ስልኩ ባትሪውን ይዞ ስለሚዞር መብራት ቢጠፋም ለጊዜው ይሠራል።

ጉዳቱ ግን ይህ ነው። አንደኛ፣ ሞገድ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በገላጣ ቦታ እንኳ የሚደርሰው ኀይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በዚህ ላይ የመጋዘኖቻችን ጣሪያና ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮም ሞገድን ይመልሳል። በደጅ የሚሠራ ስልክ ወደ ውስጥ ሲገባ ዝም የሚለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱ ማማ ያለውን ዐቅም ለሁሉ ያካፍላል። በአራተኛው ትውልድ አሠራር 20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው መስመር በሁለት አንቴናዎች ሲሠራ፣ ነገሩ ሁሉ ከተሟላ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋ ቢት ያወርዳል። 100 ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙበት ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቢበዛ 1.5 ሜጋ ቢት ነው፤ በተግባርማ ከዚህ ያነሰ ነው። በገበያ ቀን በሺሕ የሚቆጠር ሰው በአንድ ማማ ሥር ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ሊያስበው ይችላል። በጣቢያችን ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሥራው የቆመው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በስልክ ላይ የሚታየው ምልክት የሞገዱን ብርታት እንጂ የመንገዱን መጨናነቅ አይናገርምና።

ሦስተኛ፣ ከጣቢያ ወደ ከተማ የሚላከው ከሚወርደው ይልቅ ይዘገያል፤ ትንሹ ስልክ እንደ ትልቁ ማማ በብርቱ ኀይል ሊናገር አይችልም። የገጠር ጣቢያ ደግሞ ሥራው ከመቀበል ይልቅ መላክ ነው።

ቋሚው ብሮድባንድ የሚጠይቀው ነገር

ቋሚው አንቴና በውጭ ስለሚቆም የቆርቆሮውን ችግር ያስወግዳል፤ በአንድ አንቴና የመጣውንም ኢንተርኔት ለሚዛን ያዡ፣ ለሒሳብ ያዡና ለኀላፊው በአንድነት ያካፍላል። ይሁን እንጂ በነጻ የሚገኝ ጥቅም አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መተያየት ያስፈልጋል። በሬዲዮ ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት 5.8 ጊጋ ኸርዝ የሆነው ሞገድ ተራራን አያልፍም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ያደክመዋል፤ ይልቁንም በዝናብ የራሰ ቅጠል። ሞገዱ የሚሄድበት መንገድ እንደ ቀጭን ክር ሳይሆን በመካከሉ እንደ ወፈረ እንዝርት ነው። ለ7 ኪሎ ሜትር ርቀት የእንዝርቱ ወገብ ከመካከለኛው መሥመር ወደ ታችም ወደ ላይም 9.5 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከዚህም ቢያንስ 6 ሜትር ያህሉ ከዛፍና ከጉብታ ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ «ከተማው ከዚህ ይታየኛል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በመካከል ያለው የዛፍ ጫፍ ከመሥመሩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል መለካት ይገባል። ባሕር ዛፍ በዓመት ብዙ ሜትር ስለሚያድግ፣ ዘንድሮ ጥርት ያለው መንገድ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊደፈን ይችላል።

ዝቅ ያሉት የሞባይል ሞገዶች ግን፣ ለምሳሌ በ800 ወይም በ900 ሜጋ ኸርዝ ያሉት፣ በቅጠልና በኮረብታ ዙሪያ የመታጠፍና የማለፍ ዐቅማቸው የተሻለ ነው። በሸለቆ ላለ ጣቢያ ከድልድዩ ይልቅ የሞባይሉ መንገድ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው የኀይል ጉዳይ ነው። አንቴናውና ራውተሩ በአንድነት 20 ዋት ቢወስዱ በ24 ሰዓት 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት ሰዓት ነው። ይህም መብራት ከጠፋ በኋላ 30 ሰዓት ያህል ያቆየናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለሚጠፋበት ቦታ የፀሐይ ኀይል ሰሌዳ መጨመር ግድ ይሆናል።

ሦስተኛው መብረቅ ነው። በኮረብታ ላይ ብረት ተክሎ የመሬት ሽቦ አለመቅበር መብረቅን በእንግድነት እንደ መጥራት ይቆጠራል።

አራተኛው ፈቃድ ነው። የቴሌኮሙን ሥራ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሚቆጣጠረው፣ ማንም ነጋዴ የሬዲዮ ድልድይ ለማቆም ሲያስብ መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይኖርበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ወረቀቱ ሳይሟላ የቆመ ምሰሶ ኋላ መነቀሉ አይቀርም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ

አሠሪዬ ቁጥር የሌለበትን ወረቀት ስለማይወዱ የሚከተለውን ስሌት አቅርቤላቸው ነበር። በአንድ የአዝመራ ቀን 300 ገበሬዎች እሸት ቢያስረክቡና ለእያንዳንዱ 2 ሜጋ ባይት የሚመዝን የደረሰኝ ፎቶግራፍ ቢላክ፣ አንዱ ፎቶግራፍ 16 ሜጋ ቢት ይሆናል። የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ቢት ከሆነ አንዱ 32 ሰከንድ፣ 300ው በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ፍጥነቱ 5 ሜጋ ቢት ከሆነ ግን ሁሉ በ16 ደቂቃ ያልቃል።

«ይህን ሁሉ መላክ ለምን አስፈለገ? አባቶቻችን በደብተር ይዘው ይነግዱ አልነበረምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ በገዢዎቻችን እጅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቡና ወደ ገበያው ሲገባ ደን ካልተጨፈጨፈበት መሬት መምጣቱ እንዲረጋገጥና የተመረተበት ማሳ በካርታ እንዲመለከት ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነው ማሳ ዙሪያ ድንበሩ፣ ከዚያ በታች የሆነው አንድ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ደንቡ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተላለፈ ቢሆንም፣ ያልተዘጋጀ ላኪ ቀኑ ሲደርስ ገዢ እንዳያጣ ያሰጋል። ስለዚህ የጣቢያው መገናኛ የምቾት ነገር መሆኑ ቀርቶ የገበያ በር ሆኗል።

በሌላ አገር የሆነው

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በገጠር የሚገኙ ትንንሽ ድርጅቶች የእህል ጎተራን ጫፍ እንደ ማማ እየተጠቀሙ በዙሪያው ላለው ገበሬ ቋሚ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ሲያድሉ ኖረዋል። ከዚያም ትልልቆቹ የሞባይል ድርጅቶች ከማማዎቻቸው የሚተርፈውን ዐቅም ለመኖሪያ ቤት በቋሚ ራውተር መሸጥ ጀመሩ፤ ሆኖም ማማው በሞላበት ሰፈር አዲስ ደንበኛ አይቀበሉም። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም በ2016 ዓ.ም. ብሮድባንድ ሊባል የሚገባው በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያወርድና 20 ሜጋ ቢት የሚልክ ነው ሲል መለኪያውን ከፍ አድርጓል። ከዚህ የምንማረው፣ በሀብታም አገርም ቢሆን የማማ ዐቅም ወሰን እንዳለውና የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው ተለይቶ መጠየቅ እንዳለበት ነው።

እኛ ያደረግነውና ያገኘነው

ከማዘዛችን በፊት በሁለቱም ጣቢያዎች ለአንድ ሳምንት ልኬት እንዲደረግ አሠሪዬ ፈቀዱ። ኀላፊዎቹ በየቀኑ ጧት፣ ቀትርና ማታ፣ እንዲሁም በገበያ ቀን በየሰዓቱ፣ የማውረጃውንና የመላኪያውን ፍጥነት በደብተር መዘገቡ። ደብተሩ ከሻጮች ንግግር ሁሉ የበለጠ ጠቀመን።

በኮረብታው ጣቢያ በመጀመሪያ የሞከርነው ሲም ካርድ ያለውን ራውተር ከውጭ አንቴና ጋር ነበር። በሌላው ቀን ፍጥነቱ እጅግ ተሻሻለ፤ በገበያ ቀን ግን እንደ ቀድሞው ተንቀራፈፈ። አንቴናው ደካማውን ሞገድ ሊያበረታ ቢችልም የተጨናነቀውን ማማ ሊያሰፋ አይችልምና። ስለዚህ ፈቃዱን አስጨርሰን ከከተማው ቢሮ በፋይበር የመጣውን ኢንተርኔት በሬዲዮ ድልድይ አሻገርነው። በመካከል የቆሙ አራት ባሕር ዛፎች እንቅፋት ስለ ሆኑ ባለቤታቸውን ለምነን፣ ዋጋቸውን ከፍለን አስቆረጥናቸው።

በሸለቆው ጣቢያ ግን ድልድይ የማይቻል ሆነ፤ ተራራው በመካከል አለ። ከተራራው ራስ ላይ ሁለተኛ ማማ መትከል ይቻል ነበር፤ ጥበቃውና ባትሪው ሲታሰብ ግን የጣቢያው ትርፍ የሚሸከመው አልሆነም። ስለዚህ በዚያ በሞባይሉ ራውተርና በውጭ አንቴና ጸንተናል፤ ፎቶግራፎቹም ማማው ሥራ በሚፈታበት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲላኩ አድርገናል።

በ2018 ዓ.ም. አዝመራ በኮረብታው ጣቢያ በገበያ ቀን ሥራ የቆመበት ጊዜ የለም ለማለት እወድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ቀን ቆሟል። የባትሪው ማሰሪያ ዝጎ ኀይል ተቋርጦ ነበር። ያን ቀን ያዳነን በኀላፊው ኪስ የነበረው ተራው ስልክ ነው፤ ዋጋውን በአጭር መልእክት ተቀብሎ ግዢውን ቀጠለ። ስለዚህ አሮጌውን መንገድ ዘግቶ በአዲሱ ብቻ መተማመን እንደማይገባ ተምረናል።

ለአባላት የሚሰጥ ምክር

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን በአጭሩ ላቅርብ። የሚዘዋወር ሠራተኛ ላለው፣ የሚልከውም ጥቂት ለሆነ ነጋዴ የሞባይል ዳታ ይበቃዋል። በአንድ ቦታ የተተከለ፣ ማማው ከሩቅ የሚታየው፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ ጣቢያ ሲም ካርድ ያለውን ራውተር ከውጭ አንቴና ጋር ቢያደርግ በትንሽ ወጪ ብዙ ይጠቀማል። ማማው በገበያ ቀን የሚጨናነቅበት፣ ከከተማ ጋርም በጥርት የሚተያይ ጣቢያ ግን ፈቃድ አውጥቶ የራሱን ድልድይ ቢያቆም ይሻለዋል። ወጪው ሲታሰብም የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ምሰሶው፣ ባትሪው፣ የመሬት ሽቦውና የባለሙያው ጉዞ አብረው ተደምረው ለአምስት ዓመት ይከፈሉ፤ ከዚያም በአንድ የአዝመራ ቀን መቆም ከሚመጣው ኪሳራ ጋር ይነጻጸሩ።

በመጨረሻም ለምክር ቤታችን አንድ ሐሳብ ባቀርብ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በአንድ ወረዳ አምስት ነጋዴዎች አምስት ምሰሶ ከሚተክሉ፣ በአንድነት ሆነው አንድ ምሰሶ፣ አንድ የፈቃድ ማመልከቻና አንድ ዘበኛ ቢኖራቸው ወጪው ለሁሉም ይቀላል። በዋጋ የሚፎካከሩ ነጋዴዎች በወሬ መንገድ ቢተባበሩ ማንም አይጎዳም። በጣቢያችን በር ተሰልፎ የነበረውና ጀምበር ስትጠልቅ እሸቱን መልሶ የተሸከመው ገበሬ የማን መስመር እንደ ተቋረጠ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ነገ የሚገዛው ሰው መኖሩን ብቻ ነው። ለርሱ የሚሰጠው መልስ በሰዓቱ ይደርስ ዘንድ ከወዲሁ ብንመካከር መልካም ይመስለኛል።